የሞተር ስንጥቅ ከመካኒክ ዓይን እንዴት ያመልጣል?

ጠያቂያችን፣ «ሞተሩ ከበረራ በፊት እየታየ ስንጥቅ እንዴት ያመልጣል?» ላሉት፣ ምክንያቱ በአብዛኛው ስንጥቁ የሚጀምርበት ቦታ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ኤፕሪል 17 ቀን 2018 ከኒውዮርክ ወደ ዳላስ ይበር በነበረው የአሜሪካው አየር መንገድ የሳውዝዌስት ቦይንግ 737 ላይ የግራ ሞተሩ አንድ የፋን ብሌድ (ከሞተሩ ፊት የሚሽከረከረው ማራገቢያ አንዱ ክንፍ) ተሰብሮ፣ የሞተሩ ሽፋን ስብርባሪ መስኮት አጠገብ መትቶ መስኮቱን በማስወለቁ አንዲት ተሳፋሪ ሕይወቷ አልፏል። ብሌዱ የተሰበረው ከሥሩ፣ ብሌዶቹን ከሚይዘው ዲስክ ጋር ከሚጋጠምበት ቦታ ነበር፤ ይህ ቦታ ደግሞ ብሌዱ ካልወለቀ በቀር አይታይም። ሞተሩ በተነሳና በጠፋ ቁጥር ሥሩ በኃይል ይጎተትና ይለቀቃል፤ ያ ብሌድ ይህን ከ32,000 ጊዜ በላይ ተሸክሟል።

በፈረንጆች 2012 በተደረገለት እድሳት ብሌዱ በሚያበራ ፈሳሽ ተፈትሾ ነበር። በዚህ ዘዴ ፈሳሹ ወደ ስንጥቁ ከሰረገ በኋላ ላይ ላዩ ይታጠባል፤ ውስጥ የቀረውም በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ያበራል። የአሜሪካ መርማሪዎች ስንጥቁ በዚያ ፍተሻም ሆነ በኋላ ብሌዱ ቅባት ሲቀባ በዓይን ሲታይ ሊገኝ የማይችል ሳይሆን እንደማይቀር ደምድመዋል። ስለዚህ መካኒኮቹን በቸልተኝነት መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ ያነሰው የዘዴው አቅም ነው።

ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን 30,000 ዙር (አንድ ዙር የሞተሩ አንድ ጊዜ መነሳትና መጥፋት ነው) የሞላቸው ተመሳሳይ ብሌዶች በ20 ቀን ውስጥ በአልትራሳውንድ እንዲፈተሹ አዘዘ። አሁን ብሌዶቹ ቅባት በሚታደስላቸው ጊዜ በአልትራሳውንድ፣ በእድሳት ጊዜ ደግሞ በኤዲ ከረንት (በብረቱ ውስጥ በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ጅረት ስንጥቅ በሚፈልግ ዘዴ) ይመረመራሉ።