ሁለተኛው «ዊ» ይውጣ ወይስ ይደገም?

ወንድሜ፣ ለቱሪስቶች በእንግሊዝኛ የጻፍከው «ዊ ጎ ቱ ዘጌ ባይ ቦት፣ ኤንድ ዊ ቪዚት ኡራ ኪዳነ ምሕረት» ምንም ስህተት የለበትም። ሁለተኛው «ዊ» ይውጣ ያለህ ጓደኛህም አልተሳሳተም፤ ባለቤቱ ያው ስለሆነ ብታወጣው ዓረፍተ ነገሩ ቀለል ይላል፣ እኔም ብሆን አወጣው ነበር። ከ«ኤንድ»፣ ከ«በት» እና ከ«ኦር» በኋላ ማውጣቱ ይፈቀዳል። ስታወጣው ግን ኮማውንም አብረህ አውጣ።

ጣጣው ያለው «ሶ» ላይ ነው። «ዘ ሌክ ዋዝ ራፍ፣ ሶ ስቴይድ ኢን ባሕር ዳር» አይባልም። ማን ቀረ? ጣና? በአማርኛ «ባሕር ዳር ቀረን» ስንል የቀሩት እነማን እንደሆኑ ግሱ ራሱ ስለሚናገር ሳናስበው እንግሊዝኛው ላይም እንዘለዋለን፤ እዚያ ግን የግድ «ሶ ዊ ስቴይድ» ነው። ባለቤቱ አንድ ሲሆንም ከ«ሶ» እና ከ«ቢኮዝ» በኋላ ድገመው፦ «ሺ ዋዝ ታየርድ፣ ሶ ሺ ዌንት ሆም»።

ደግሞ አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ጀልባው፣ ገዳሙ፣ የዘጌ ቡና ሁሉ መሃል ይገባና አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋበታል። ያኔ ከ«ኤንድ» በኋላም ቢሆን «ዊ»ን መልሳት።