በጃፓን ሰርግ ላይ የሚያስለቅሰው ዘፈን የቱ ነው? ጠይቁኝ

ባለፈው ስለ ጃፓን ሰርግ ሙዚቃ ሁለት መስመር ብጽፍ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ለማታውቁኝ፦ የምኖረው ቶኪዮ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ አንድ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ ሙዚቃ ከፋች ነኝ። ዲጄ እንዳትሉኝ፣ ማንም ጨፍሮልኝ አያውቅም። ስራዬ ሙሽሪት ደብዳቤዋን ስታወጣ ቁልፍ መጫን ነው።

ጥያቄ፦ የምን ደብዳቤ? እኛ ጋ እንደዚህ የሚባል ነገር የለም እኮ።

የለም፣ እኛ ጉልበት መሳም ነው ያለን። እነሱ ጋ ግብዣው (ሂሮኤን ይሉታል) ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ሁሉም ነገር በደቂቃ የተለካ። ወደ ማብቂያው መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ሙሽሪት ቆማ ለወላጆቿ የጻፈችውን ታነባለች፣ ከዚያ ሙሽሮቹ ለወላጆቻቸው አበባ ይሰጣሉ። በቃ፣ መሀረብ ይወጣል። ሌላው እንባ የሚመጣበት ቦታ መሀል ላይ ነው። ሙሽሪት ልብስ ልትቀይር ስትል እናቷን ወይም አያቷን ወይም ወንድሟን ድንገት ትጠራና እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጣሉ። ለአንድ ግብዣ ከ15 እስከ 20 ዘፈን ይመረጣል። ሰው ቤቱ ይዞት የሚሄደው ግን የእነዚህን የሁለቱን ቦታዎች ዘፈን ነው።

ጥያቄ፦ ጃፓናዊ ላገባ ነው። ደብዳቤዬን ግማሹን በአማርኛ ነው የማነበው፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ስለምትመጣ። ምን ይከፈትልኝ?

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! መጀመሪያ ዘፈኑን ሳይሆን ዘፋኙን እንርሳው። ስታነቢ ከጀርባሽ ሌላ ሰው መዝፈን የለበትም። ይህን የተማርኩት ሰው አስቀይሜ ነው። ስራውን የጀመርኩ ሰሞን ሙሽሪት የምትወደውን ዘፈን ከነድምፁ ከፈትኩላት፣ እሷ ደግሞ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ማልቀስም ጀምራለች። የአያቷን ስም ስትጠራ ዘፋኟ አዝማቹ ላይ ደረሰች። አያትየው ስማቸው እንደተጠራ እንኳ አልሰሙም። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ስለዚህ ለንባቡ በፒያኖ ብቻ የተሰራውን ውሰጂ። የጃፓን ታዋቂ ዘፈኖች አብዛኞቹ በፒያኖ ወይም በሙዚቃ ሳጥን ድምፅ የተሰራ ቅጂ አላቸው። እኔ ብሆን የኪሮሮን «ሚራይ ኤ» እመርጣለሁ፣ «ወደ ነገ» እንደማለት ነው። በ1998 የወጣ፣ የሁለት የኦኪናዋ (የደቡብ ጃፓን ደሴት) ልጆች ዘፈን ነው፣ ስለ እናት። አንብበሽ ስትጨርሺ ሙዚቃው ለትንሽ ጊዜ ዝም ይበል። አበባውን ይዘሽ ወደ እናትሽ ስትራመጂ የሚዘፈነው ቅጂ ከአዝማቹ ይጀምር። ከመግቢያው ከተጀመረ አንቺ እናትሽ ጋ ደርሰሽ አዝማቹ ገና መንገድ ላይ ነው። ዝርዝሩ ላይ ደቂቃውንና ሰከንዱን ጻፊ፣ እኛ የምንሰራው በሱ ነው። አማርኛው ጋ ስትደርሺ ደግሞ ድምፁ ይበልጥ ዝቅ ይበል ብለሽ ንገሪያቸው። እንግዶቹ ቃሉን አይረዱትም፣ የሚሰሙት የድምፅሽን መንቀጥቀጥ ነው።

ጥያቄ፦ «ናዳ ሶውሶው» ገና ሲጀምር አለቅሳለሁ። አይሆንም እንዳትለኝ።

አይሆንም። ማለቴ፣ ቆይ። ግጥሙን የጻፈችው ሪዮኮ ሞሪያማ ናት፣ በወጣትነቱ የሞተባትን ወንድሟን አስባ። በ2001 ናትሱካዋ ሪሚ ዘፍናው ነው አገር ያወቀው። ዜማው እውነትም አንጀት ይበላል፣ ጃፓኖቹ ግን ቃሉን ሲሰሙ የሚያስቡት የሞተ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ልክ ቦታው ላይ ሲገባ አይቻለሁ። አባቷ የሞተባት ሙሽራ ነበረች፣ ወንበሩ ባዶ ተቀምጦ ፎቶው ተደርጎበታል፣ በሳንሺን (የኦኪናዋ ባለ ሦስት አውታር መሳሪያ ነው) ብቻ የተሰራውን በጣም ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። የዚያን ቀን እኔም ቁልፉ አልታይ ብሎኝ ነበር።

ጥያቄ፦ «ሌመን»ስ?

እባክህ ተው። የሞተ ሰው ናፍቆት ነው። ዮኔዙ ኬንሺ እየሰራው ሳለ አያቱ አርፈውበታል።

ጥያቄ፦ ጃፓንኛ ማንበብ የማልችል ሰው ታዲያ በምን ልወቅ?

ግጥሙን ለአንድ ጃፓናዊ ጓደኛህ አስነብበውና «ይሄ ሰውዬ መጨረሻ ላይ አብሯት ነው ወይስ የለም?» ብለህ ጠይቀው። የጃፓን የፍቅር ዘፈን ግማሹ ባቡር ጣቢያ ላይ ነው የሚያልቀው። «ካናዴ»ን ያህል ውብ ዘፈን እንኳ የሚጀምረው ጣቢያ በር ላይ በሚለያዩ ሰዎች ነው።

ሰርግ ላይ የማይባሉ ቃላትም አሉ፦ መቁረጥ፣ መለየት፣ ማለቅ። ኬኩን እንኳ «ቆረጡ» አይሉም፣ «ቢላ አስገቡ» ነው የሚሉት። ግብዣውም «አለቀ» አይባልም፣ «ተከፈተ» ይባላል። ወጣቶቹ ዘፈን ላይ ይህን ያህል አይጨነቁበትም። የሙሽራው አጎት ግን ይጨነቃሉ፣ ፊታቸው ላይ ታየዋለህ።

ፍርሃት ከያዘህ ለሰርግ ተብሎ የተጻፈውን ውሰድ። የናካጂማ ሚዩኪ «ኢቶ» በ1992 የወጣ ነው፣ የተጻፈውም ለሰርግ ነው። ትርጉሙ «ክር»፣ ሁለቱን ሰዎች ድርና ማግ ታደርጋቸዋለች። ለአማርኛ ተናጋሪ ከዚህ በላይ ምን ላስረዳ! የኪሙራ ካኤላ «ባተርፍላይ» (2009) ለጓደኛዋ ሰርግ የጻፈችው ነው፣ ደስ የሚል ስለሆነ ለመግቢያ እንጂ ለእንባ አይሆንም። የሬሚዮሮመን «ሳንጋትሱ ኮኮኖካ» ደግሞ አለ፣ ርዕሱ በእነሱ አቆጣጠር «ማርች 9» ማለት ነው። እሱም ለጓደኛ ሰርግ ተጽፎ በኋላ የምረቃ ዘፈን ሆኖ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ የትምህርት ቤት ጓደኞች ከበዙ ሁለት ጊዜ ይሰራልሃል።

ጥያቄ፦ ከስልኬ ባጫውትስ? ለመተግበሪያው በየወሩ እየከፈልኩ ነው።

አይቀበሉሽም። የምትከፍዪው ለግል ማዳመጫ ነው። አዳራሾች ለማጫወት ለጃስራክ (የዘፈን ደራሲዎችን ክፍያ ለሚሰበስበው ድርጅት) ይከፍላሉ፣ ብዙዎቹም ኦሪጅናል ሲዲ አምጪ ይላሉ። ቤት የተቀዳ ዲስክ ወይም ዘፈን ያለበት የፎቶ ቪዲዮ ከሆነ የቅጂ ፈቃድ ለብቻው ያስፈልጋል፣ ለሰርግ ይህን የሚያመቻች ኢሱም የሚባል ድርጅት ከ2013 ጀምሮ አለ። አዳራሹን «በኢሱም በኩል ይሆናል ወይ?» በያቸው፣ የሰርጉ ወር ሳይደርስ።

ጥያቄ፦ ሙሽሪት የእኛ፣ ሙሽራው ጃፓናዊ። ሁለቱን ሙዚቃ እንዴት እናዋህድ?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መጀመሪያ ነገሩ የሚመስለንን ያህል ሩቅ አይደለም። ኤንካ የሚባለው የጃፓን የድሮ የትካዜ ዘፈን የሚሄድበት ቅኝት «ዮናኑኪ» ይባላል፣ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የወጣለት ማለት ነው። ሙሉ ትዝታን ስትደረድሩት ድምፆቹ እነዚያው ናቸው። የሚያዝነው ዮናኑኪም ከግማሽ ትዝታ ጋር ይገጥማል። ማሲንቆ ስከፍት የጃፓን አያቶች አንገታቸውን የሚነቀንቁት በትህትና ብቻ አይመስለኝም። ከኮሪያ ዘመቻ ለእረፍት ጃፓን ይሄዱ የነበሩት የቃኘው ሻለቃ ልጆችም ይህን ሳይሰሙት የቀሩ አይመስለኝም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሙሽሪት ልብስ ልትቀይር ስትወጣ የጃፓን ዘፈን፣ በሀበሻ ቀሚስና በካባ ስትመለስ በሩ ተዘግቶ «አናስገባም ሰርገኛ»። ጃፓኖቹ ምንም ሳይገባቸው ጭብጨባውን ይይዙታል። ደብዳቤው ላይ ግን አታደባልቁ። አንድ ዜማ፣ ከተቻለ በማሲንቆ ወይም በክራር ትዝታ ብቻ፣ ያለ ድምፅ። እልልታው ካመለጣቸው ደግሞ እናቶችን ማንም አይቆጣጠርም፣ እኔ ዝም ብዬ ሙዚቃውን ዝቅ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሰርግ ላይ ዝፈን ተብያለሁ፣ ጃፓንኛ የምችለው ጥቂት ነው።

«ካንፓይ»። የናጋቡቺ ትሱዮሺ ነው፣ እሱም ለጓደኛው ሰርግ የጻፈው። ቀስ ያለ ነው፣ አዝማቹን ብቻ በደንብ አጥና። ቀሪውን ጠረጴዛው ሁሉ ያዘፍንሃል፣ በተለይ ሦስተኛ ብርጭቆ ላይ ከደረሱ።