የ180 ዶላሩን ራኬት ይቅርብህ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። ፒክልቦል የሚባለውን፣ ቀዳዳ ያላትን ፕላስቲክ ኳስ በራኬት እየመቱ በመረብ ላይ የሚያሻግሩበትን ጨዋታ በስልኬ እያየሁ ልቤ ተሰቅሏል፤ ሦስት ባልደረቦቼም ተለክፈዋል። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ይመጣል። «ራኬት ላምጣልህ?» ብሎ የ180 ዶላር ራኬት ፎቶ ላከልኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ርካሽ ሆኖ ለጀማሪ የሚሆነው የቱ ነው? ወይስ እዚሁ በኮምፔርሳቶ ባሠራ ሞኝነት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ ይቅርብህ። ራኬቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የውድ ራኬት ዋጋ በአብዛኛው ፊቱ ላይ ላለው ሻካራ ካርቦን ፋይበር ነው፤ እሱ ደግሞ ኳሷን አሽከርክሮ ለመምታት ነው የሚጠቅመው። አንተ ገና ኳሷን መረብ ማሻገር አለብህ።

እዚያ አገር ሁለት ራኬትና ጥቂት ኳስ አንድ ላይ ከ30 እስከ 60 ዶላር ባለው ይገኛል። እሱን ያምጣልህ፤ ግን ያገኘውን አፈፍ አድርጎ እንዳይመጣ፣ ጽሑፉን ያንብብ። ውስጡ ፖሊፕሮፒሊን ይሁን። እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ፕላስቲክ ነው፣ ኳሷን ለስለስ አድርጎ ይቀበላል። ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ እሰየው፤ 13ቱ ኳሷን ቶሎ ስለሚያስፈነጥር ጀማሪን ያስቸግራል። ፊቱ ፋይበርግላስ ሆነ ግራፋይት፣ ለአንተ ለውጥ የለውም። ክብደቱ ከ210 እስከ 235 ግራም ባለው ውስጥ ይሁን። በጣም ከቀለለ ጠንካራ ኳስ ሲመጣ እጅህ ላይ ይዞርብሃል፣ ከከበደ ደግሞ ማታ ክርንህን ስታሽ ታመሻለህ።

ብዙ ሰው የሚረሳው እጀታውን ነው። ዙሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 11.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጨብጠህ ስትይዘው በጣቶችህ ጫፍና በመዳፍህ መካከል የሌላው እጅህ ሌባ ጣት ልክክ ብሎ ከገባ፣ ያ ያንተ ነው። ካልገባ ወፍሮ ወይም ቀጥኖ ነው። የአክስትህ ልጅ በአንተ እጅ መለካት ስለማይችል ቀጭኑን ያምጣ። ቀጭን እጀታ ጥብጣብ ሲጠቀለልበት ይወፍራል፤ ወፍራሙን ግን ምን ታደርገዋለህ?

ኮምፔርሳቶውስ? ኧረ ሞኝነት አይደለም! ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1965 ዋሽንግተን ግዛት፣ ቤይንብሪጅ ደሴት ላይ ሲጀመር መጀመሪያ የሚመቱት በጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት ነበር። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ባርኒ ማካለም ነው በኋላ ኮምፔርሳቶ በመጋዝ ቆርጦ የሠራው። ስለዚህ አራት ከሆናችሁ ሁለቱ ከአሜሪካ ይምጡ፣ ሁለቱን ሰፈራችሁ ያለ አናጢ ይቁረጣቸው። ርዝመቱን 40፣ ወርዱን 20 ሴንቲ ሜትር አድርገው፤ ሕጉ ሁለቱ ተደምረው ከ61 እንዳያልፉ ነው የሚለው። ስምንት ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይበቃል። እጀታው ላይ በሁለቱም በኩል ቁራጭ እንጨት በኮላ ያስለጥፍህ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሰው፣ ከዚያ የአሮጌ ብስክሌት የውስጥ ላስቲክ በቀጭኑ ቆርጠህ ጠቅልልበት። እውነቱን ልንገርህ፣ ከተገዛው ይከብዳል፣ ሲመታም ጓ ጓ ይላል። ስለዚህ በየጨዋታው ተለዋወጡ፣ አለዚያ መኳረፋችሁ አይቀርም።

ከራኬቱ የተረፈውን ገንዘብ ኳስ ላይ አውለው። ኳሷ ፕላስቲክ ናት፣ ሲሚንቶ ላይ ስትሰነብት ትሰነጠቃለች። 40 ቀዳዳ ያላት የውጪ ናት፣ 26ቱ የአዳራሽ፤ አንተ የምትፈልገው የውጪዋን ነው። ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷ ቪዲዮው ላይ ካየኸው ትንሽ ራቅ ብላ ብትሄድ አትደንግጥ። ባለ 16 ሚሊ ሜትሩን የመረጥኩልህም አንድም ለዚህ ነው።

ሜዳውን ትምህርት ቤታችሁ ቅርጫት ኳስ መጫወቻ ላይ በጠመኔ አስምሩት፤ 13.4 በ6.1 ሜትር ነው፣ ከባድሜንተን የጥንድ ሜዳ ጋር እኩል። መረቡ ጫፍና ጫፉ 91፣ መሀሉ 86 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መረብ ካጣችሁ ገመድ ወጥራችሁ ነጠላ ብትሰቅሉበትም ያጫውታል፣ ባለቤቷ ካልተቆጣች።