ማጅራት ገትር የያዘው ታካሚ ሲገባልሽ

እህቴ፣ «መድኃኒቱን ሐኪሙ ካዘዘ የነርስ ድርሻ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዲስ አበባ መሃል ከተማ ሜዲካል ዋርድ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ብዙዎቹ የሚደርሱሽ «ምች ነው» ተብሎ ቤት ውስጥ በዳማከሴ ሲታሹ ሰንብተው ነው። አስታማሚውን አትቆጪ፤ ሰዓቱን ግን አታባክኚ። አንቲባዮቲኩ ሴፍትሪያክሶን (ለአዋቂ 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ) የጭንቅላት ሲቲ ስካን እስኪነሳ ወይም ከወገብ ፈሳሽ እስኪቀዳ አይጠብቅም። ለካልቸር (ጀርሙን ለመለየት ለሚደረገው ምርመራ) ደም ቅጂና ጀምሪ። እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞን ከታዘዘም ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት ወይም አብሮ ነው የሚሰጠው። ማስክ አትርሺ፤ አንቲባዮቲኩ ከተጀመረ 24 ሰዓት እስኪሞላ ታካሚው ለብቻው ይሁን። እኔን ያስተማሩኝ የ1981 ዓ.ም. ወረርሽኝን ያዩ ነርሶች ነበሩ፤ በማስክ ጉዳይ ምንም አይታገሱም።

ዋናው ሥራሽ ግን ታካሚውን ነቅቶ መከታተል ነው። አንድ ሌሊት የአንድ ወጣት እናት መጥተው «ልጄ ስጠራው እንደ ማታው አይመልስልኝም» አሉኝ። ትኩሳቱ ወርዶ ስለነበር «እናቴ፣ እንቅልፍ ነው፣ ይረፍ» ብዬ መለስኳቸው። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ ሳየው አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ሰፍቷል፣ የልብ ምቱ ቀዝቅዟል፣ የደም ግፊቱ ወጥቷል። የጭንቅላት ግፊት ነበር። ሐኪም ጠርቼ ይህን ግፊት የሚቀንሰው ማኒቶል ተሰጠውና ተረፈ፤ ያቺ የጠፋችው ሰዓት ግን ዛሬም ከኅሊናዬ አልወጣችም። ትኩሳት መውረዱ ብቻ አያረጋጋሽ። ጂሲኤሱን (የንቃተ ኅሊና መለኪያ ነጥቡን) ራስሽ ቀስቅሰሽ፣ ስሙንና ያለበትን ጠይቀሽ መዝግቢ፤ 2 ነጥብ ከወረደ ሐኪሙን ከእንቅልፉም ቢሆን ጥሪ። አስታማሚ «ተለወጠብኝ» ሲል ተነሺና እዪ፤ ልጁን ከአንቺ ይበልጥ ያውቀዋል።

ራስጌውን 30 ዲግሪ አንሺው፣ አንገቱ አይጣመም፣ መብራቱን ቀንሺለት። ጠያቂ ሲበዛ በትሕትና ተራ አስይዢ። ቢያንቀጠቅጠው በጎኑ አስተኚው፤ አፉ ውስጥ ማንኪያ እንዳያስገቡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሽፍታ በእኛ ቆዳ ላይ ቶሎ አይለይም፤ መዳፉን፣ ውስጥ እግሩንና የዓይን ሽፋኑን ገልጠሽ ተመልከቺ። ሕፃን ከሆነ አንገቱ ላይገትር ይችላል፤ እርግብግቢቱ ማበጡንና ጡት እንቢ ማለቱን ነው የምታዪው።

ያ ወጣት ቤቱ ከገባ በኋላ ነው አንድ ጆሮው እንደማይሰማ የታወቀው። ማጅራት ገትር የመስማት ነርቭን ይጎዳል፤ ስለዚህ ታካሚሽን ጆሮው ሳይመረመር አትሸኚው፣ ቀጠሮውንም ለእናቱ ጽፈሽ ስጪ።