መጨረሻው የታወቀ ፍቅር

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዶርም ውስጥ ከጓደኞችሽ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 የተላለፈውን፣ «ስታር ትሬክ» የተባለው የአሜሪካ የሳይንስ ፊክሽን ተከታታይ ድራማ ክፍል የሆነውን «ዘ ሲቲ ኦን ዘ ኤጅ ኦፍ ፎርኤቨር»ን አያችሁ። እነሱ «መሀሉ ላይ ነቃንበት! ደግሞ ሳይንስ ፊክሽን ውስጥ ፍቅር ምን ይሠራል?» አሉ። አንቺ አለቀስሽ። «መጨረሻው በታወቀ ታሪክ የማለቅስ ልጅ የስክሪፕት ጸሐፊ መሆን እችላለሁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ትችያለሽ። ግን ለምን እንዳለቀስሽ ማወቅ አለብሽ።

የጠፈር መርከብ አዛዡ ካፒቴን ከርክ ከባልደረባው ከስፖክ ጋር ከወደፊቱ ዘመን ወደ 1930 ኒውዮርክ ይመለሳል፤ እዚያ ድሆችን የምታበላ ኢዲት ኪለር የምትባል ሴት ይወዳል። ስፖክ ወደፊት የሚጻፉ ሁለት ዜናዎች ያያል። በአንዱ ኢዲት በመኪና አደጋ ሞታለች። በሌላው ከስድስት ዓመት በኋላ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተገናኝታለች። በሕይወት ከቆየች በምትመራው የሰላም ንቅናቄ ምክንያት አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ዘግይታ ትገባለች፣ ሂትለርም ያሸንፋል። ስለዚህ ኢዲት መሞት አለባት። ጸሐፊዎቹ ይህን አልደበቁንም፣ በግልጽ ነገሩን። ከዚያ ኢዲት ደረጃ ስትወርድ ያደናቅፋታል። ከርክ ቶሎ ብሎ ይይዛታል። እፎይ ትያለሽ፣ ወዲያው ደግሞ ሆድሽ ይባባል። መጨረሻውን ባታውቂ ኖሮ ያ ደረጃ ተራ ደረጃ ነበር። ፍቅሩን ብታወጪው ደግሞ ከርክ ምንም የሚያጣው ነገር የለም።

እኔ ጋ «ማንም የማይገምተው መጨረሻ አለኝ» እያሉ የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። መሀሉን ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ።

ስለዚህ ክፍሉን ደብተር ይዘሽ እንደገና እዪው። እያንዳንዱ ትዕይንት ምን እንደነገረሽና ምን እንዳስፈራሽ ጻፊ። ቀጥሎ የራስሽን አሥር ገጽ ስክሪፕት ሞክሪ፤ መጨረሻው ሦስተኛው ገጽ ላይ ይታወቅ። «ነቃንበት» ላሉት ልጆች ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ስልካቸውን የሚያነሱበትን ቦታ ምልክት አድርጊበት። መስተካከል ያለበት እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚህን ክፍል ስክሪፕት የጻፈው ሃርላን ኤሊሰን ነው፤ ከዚያ ሌሎች ደጋግመው ቀየሩት። እሱ ለብዙ ዓመታት ተናዶ ኖረ። የመጀመሪያ ጽሑፉ የአሜሪካ የስክሪፕት ጸሐፊዎች ማኅበርን ሽልማት አገኘ፣ የተላለፈው ክፍል ደግሞ ለሳይንስ ፊክሽን ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ወሰደ። የቴሌቪዥን ሥራ እንዲህ ነው፤ ጽሑፍሽ ይነካካል። አሁኑኑ ልመጂው።

ሥራ ፍለጋ ስትወጪ ከዲግሪሽ ጋር እነዚያን አሥር ገጾች ያዢ። ከዚያ በፊት ግን ለእኔ ላኪልኝ፣ አነባቸዋለሁ።