ግማሹን ብቻ ያየነው ፊልም

አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። የፊልም ትምህርት ቤት ማመልከቻ እየሞላች ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ወደ ሙያው የሳባት ፊልም የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል። እሷ መልሱን ታውቀዋለች፤ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ነው። ለጓደኞቿ ስትነግራቸው ግን ሳቁባት። የአያቶች ፊልም ነው አሏት። ስለዚህ የአንድ የተከበረ ዳይሬክተር ጥቁርና ነጭ ፊልም ልትጽፍ አስባለች። ያንን ፊልም አንዴ ጀምራው መሃል ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። «እውነቱን ብጽፍ ይስቁብኛል፤ ብዋሽ ደግሞ ይከብደኛል፤ ምን ይሻለኛል?» ትላለች።

ልጄ፣ ለጥያቄሽ በሁለት መስመር መመለስ ይቻል ነበር። ግን የፊልሙን ስም ሳነብ የቆየ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝና ደብዳቤው ረዘመ። ሌሎቻችሁም ታገሡኝ።

የድምጽ ባለሙያ ነኝ። የሰው ድምጽ ስቀርጽ፣ ስቆርጥ፣ ሳስተካክል ነው የሸመገልኩት። ይህን ፊልም ያየሁት ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ፣ በቪዲዮ ካሴት ነው። ፊልሙ 174 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ሁለት ካሴት ላይ ነበር የተቀዳው። እኛ ጋ የነበረው አንደኛው ብቻ ነው። ሁለተኛውን አባቴ «ይመጣል» ይለን ነበር። አልመጣም።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ማሪያ ኦስትሪያ ውስጥ፣ ሳልዝበርግ ከተማ፣ መነኩሲት ለመሆን ገዳም የገባች ወጣት ናት። ሥርዓቱ አልሆናት አለ። እመምኔቷ ሚስቱ ወደ ሞተችበት አንድ የባሕር ኃይል ካፒቴን ቤት ይልኳታል። ሰውየው ሰባት ልጆች አሉት፤ የሚጠራቸው በፊሽካ ነው። ማሪያ መዝፈን ታስተምራቸዋለች። ቤቱ ይለወጣል፣ አባትየውም ይለወጣል። ከዚያ ካፒቴኑን እንደወደደችው ሲገባት ትደነግጥና ሻንጣዋን ይዛ ሹልክ ብላ ትወጣለች። እዚህ ላይ ፊልሙ ዕረፍት አለው። ያኔ ረጃጅም ፊልሞች ሲኒማ ቤት ሲታዩ መሃል ላይ ዕረፍት ነበራቸው። የእኛም ካሴት እዚያው ላይ ያልቃል።

ለእኛ እንግዲህ ታሪኩ ማሪያ በሩን ዘግታ ስትወጣ አለቀ። ሠርግ የለም። ናዚዎች የሉም። ተራራ አቋርጦ ማምለጥ የለም። ልጆቹ ጠዋት ተነስተው ሲያጧት ምን እንዳሉ አናውቅም።

ታላቅ እህቴ ግን ትነግረን ነበር። ካሴቱ አልቆ ቴሌቪዥኑ መንሿሿት ሲጀምር እትዬ ብድግ ትላለች። ድምጹን ትቀንስና ፊታችን ትቆማለች። ቀሪውን ፊልም እሷው ትሠራዋለች። ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ቀን ማሪያ መርከብ ላይ ዘፋኝ ትሆናለች፤ ካፒቴኑ ባሕር ለባሕር ይፈልጋታል። ሌላ ቀን ሰባቱ ልጆች በሌሊት ወጥተው በጨለማ እየዘፈኑ ይፈልጓታል። ትንሿ ግሬትል መንገድ ላይ ትጠፋለች። እኔ የቤቱ ትንሽ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ለግሬትል እሰጋ ነበር። «ዛሬ አታጥፊያት» ብዬ እለምናታለሁ። ሁልጊዜ ታጠፋታለች። ቆየት አድርጋ፣ እኔ ላለቅስ ስል፣ ታመጣታለች።

እንግሊዝኛውን በቅጡ አንችልም። ቃሉን የሚመስል ነገር እያወጣን ነበር የምንዘፍነው። ዜማው ግን አይሳትም። በተለይ ካፒቴኑ ጊታር ይዞ ስለ አበባዋ የሚዘፍነውን፣ «ኤድልቫይስ» የሚለውን፣ እትዬ ስትይዘው ቤቱ ጸጥ ይላል። ብዙ ሰው ድምጹ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀጥናል፣ ወይ ጩኸት ይሆናል። የእሷ እዚያ ላይ ወጥቶም ሙሉ ነው። ያኔ ይህን የምልበት ቃል አልነበረኝም። ሌላ ክፍል ያለ ሰው ሥራውን ትቶ በሩ ላይ እንደሚቆም ብቻ አይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማይክ ፊት የቆመን ሰው ሁሉ በዚያ ድምጽ ነው የምለካው። እዚያ የደረሱት ጥቂት ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። «ዶ ሬ ሚ» የሚለውን ዘፈን ታስታውሳላችሁ? ማሪያና ልጆቹ ተራራ ላይ ይጀምሩታል። ከዚያ ከተማ ውስጥ ናቸው፣ ድልድይ ላይ ናቸው፣ ብስክሌት ላይ ናቸው፣ በሠረገላ ይሄዳሉ፣ መጨረሻ ላይ ሚራቤል የሚባለው የአትክልት ቦታ ደረጃ ላይ እየዘለሉ ይጨርሱታል። እትዬ ይህን በተግባር ልትሞክር ግቢ ወጣች። እየሮጠች ዘፈነች። ግማሽ ሳትደርስ ትንፋሽ አጠራት፤ ሳቅና ሳል አንድ ላይ መጣባት። «እነሱ እንዴት ነው የማይደክማቸው?» አለች። እኔም ያንን ጥያቄ ይዤ ቀረሁ። ሰው እየሮጠ፣ ብስክሌት እየነዳ፣ ደረጃ እየወጣ እንዴት አንዴ እንኳ አያለከልክም? ወደ ሙያው የገባሁት በዚህች ጥያቄ በር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መልሱን አሁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዘፈኑ አስቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀረጻል። ቦታው ላይ በድምጽ ማጉያ ይለቀቅላቸውና አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ፕሌይባክ የምንለው ነው። ቦታው ይቀያየራል፣ ልብሱ ይቀያየራል፣ ድምጹ ግን አንድ ነው። ያንን ሁሉ ቁርጥራጭ ሥዕል አንድ ያደረገው ድምጹ ነው።

የፊልሙን መክፈቻ ተመልከቱ። ማሪያን ሆና የተጫወተችው ጁሊ አንድሩስ ተራራው ላይ ክንዷን ዘርግታ ትዞራለች። የሚቀርጻት ሄሊኮፕተር ነው። ሄሊኮፕተር ባለበት ምን ድምጽ ይቀረጻል? ደግሞ ቀርቧት አልፎ ሲታጠፍ ንፋሱ እየደጋገመ ሣሩ ላይ ይዘርራት ነበር። እኛ የምናየው ሰላም ነው። ወይም ካፒቴኑና ማሪያ በመስታወት ቤቱ ውስጥ ፍቅራቸውን የሚገልጹበትን እዩ። መብራቶቹ ክፉ ድምጽ ያወጡ ነበር፤ ተዋናዮቹ በሳቅ እየፈረሱ አልቀረጽ አለ። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዋይዝ መብራቱን አስቀነሰና በጥላ አስቀረጻቸው። ስንት ሰው ነው ያንን ጥላ ትልቅ የጥበብ ሐሳብ ብሎ የተነተነው። ለማንኛውም ይህን ወሬ ፊልሙን ሳታዩ አትስሙ። የጓዳውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ፊልም ያበላሻል። እኔ ነገርኳችሁ፤ እናንተ ርሱት።

ቁጭቴ ወዳልኩት ልመለስ። የእትዬ ድምጽ ዛሬ የትም የለም። ቤታችን የሚቀዳ ቴፕ ነበር። ባዶ ካሴት ግን ለቁም ነገር ነው የሚቀመጠው፤ የልጅ ዘፈን ደግሞ ቁም ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ እንግዳ መጥቶ ተቀድታ ነበር። በኋላ በላዩ የኳስ ጨዋታ ተቀዳበት። ማን እንዳሸነፈ እንኳ የሚያስታውስ የለም።

ስንቱን ሰው ቀርጫለሁ። የሚችለውንም የማይችለውንም። የማይችለውን የሚችል አስመስዬ አውጥቻለሁ፤ ለዚያ ነው የሚከፈለኝ። የእሷን ግን ማንም አልያዘውም።

እናንተ ግን ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ምኑን ትቀርጻላችሁ? ምሳችሁን። አሳንሰር ውስጥ ራሳችሁን። ሰው ሲዘፍን ስትቀርጹም ማይኩን በጣታችሁ ሸፍናችሁ ነው፤ ከዚያ በላዩ ሌላ ሙዚቃ ትጭኑበታላችሁ። ፊልም ደግሞ በፍጥነት እያሳለፋችሁ ታያላችሁ አሉ። አንድ ልጅ ስቱዲዮ ውስጥ በኩራት ሲነግረኝ ልወድቅ ነበር። በዚያው ልክ ልጁ ጆሮው ድንቅ ነው። ከእኔ በፊት ነው የገመዱን እሪታ የሰማው። ስለዚህ ስለ ዘመኑ ልጆች ያልኩትን ሁሉ በግማሹ ውሰዱት።

ሙያው ውስጥ ከገባሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ሰማሁ። ካፒቴኑ ሲዘፍን የምንሰማው ድምጽ የተዋናዩ የክሪስቶፈር ፕላመር አይደለም። ቢል ሊ የሚባል ዘፋኝ ነው። እመምኔቷን ሆና የተጫወተችው ፔጊ ውድ ናት፤ ያንን ስለ ተራራ መውጣት የሚለውን ትልቅ ዘፈን የዘፈነችላት ግን ሌላ ሴት ናት። በልጅነቴ ዓይኔ እንባ ያቀርር የነበረው ፊቱን በማላውቀው ሰው ድምጽ ነበር ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ሆሊውድ እንደዚህ ነው የሚሠራው። ማርኒ ኒክሰንን ውሰዱ። በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ለናታሊ ውድ፣ በ«ማይ ፌር ሌዲ» ለኦድሪ ሄፕበርን የዘፈነችው እሷ ናት። ሕዝቡ ያጨበጨበው ለፊቶቹ ነው። ታዲያ በዚህ ፊልም ውስጥ ከመነኩሲቶቹ አንዷ ሆና በገዛ ፊቷ ብቅ ትላለች። ያንን ሳውቅ ፊልሙን ወደኋላ አጠንጥኜ እሷን ፈለግኳት። አየኋት። እትዬን ያየሁ ያህል ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሁለተኛውን ግማሽ ያየሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ለሥራ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። ግሬትል አትጠፋም። መርከብ የለም። ማሪያ ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ ትመጣለች። አንድ ቦታ ግን ያዘኝ። ካፒቴኑ ከአገሩ ከመሰደዱ በፊት በሕዝብ ፊት ያንኑ «ኤድልቫይስ»ን ይዘፍናል። መሃል ላይ ሲቃ ይይዘውና ያቆማል። ማሪያ ቀረብ ብላ ትቀጥልለታለች፤ ከዚያ ሕዝቡ ይቀበላል። የአገሩ የጥንት ዘፈን የሚመስለው ስንት ሰው አለ። አይደለም። ሪቻርድ ሮጀርስና ኦስካር ሃመርስታይን እ.ኤ.አ. በ1959 ለኒው ዮርክ መድረክ የሠሩት ነው። ሃመርስታይን በ1960 ሞተ፤ ከጻፋቸው የዘፈን ግጥሞች የመጨረሻው ይሄ ነው።

በቅርቡ እትዬን በስልክ ጠየቅኳት። ያንን ካሴት ታስታውሺዋለሽ አልኳት። ሳቀች። ለካ ሁለተኛውን ግማሽ ጓደኛዋ ቤት ድሮውኑ አይታው ነበር!

«መጨረሻውን እያወቅሽ ነው ያን ሁሉ የፈጠርሽው?»

«የእኔው ይሻል ነበራ» አለች።

ዛሬ አትዘፍንም። ድምጿ ጎርንኗል። አይቆጫትም። «አንተ ምን ሆነህ ነው?» ብላ ወሬ ቀየረች።

አሁን ወደ አንቺ ማመልከቻ። የሳቁብሽ ጓደኞችሽ ምናልባት «ታሪኩ እኮ ውሸት ነው» ይሉሻል። ልክ ናቸው። እውነተኛዋ ማሪያ ካፒቴኑን ያገባችው በ1927 ነው፤ ናዚዎች ኦስትሪያን ከመያዛቸው ከ10 ዓመት በላይ ቀድማ። የገባችውም አንዷን የታመመች ልጅ ልታስተምር ነው። ቤተሰቡ የወጣው በባቡር ወደ ጣሊያን ነው። በሳልዝበርግ ተራራ ላይ ቢሄዱ ኖሮ የሚደርሱት ጀርመን ነበር። እውነተኛው ካፒቴንም ደግና ሙዚቃ ወዳድ አባት እንደነበር ልጆቹ ተናግረዋል፤ በፊልሙ መጀመሪያ የተሣለበት መንገድ ከፍቷቸዋል። እዚህ ላይ እኔም ቅር ይለኛል። ሌላው ግድ አይሰጠኝም።

በማመልከቻ ላይ ትንሽ ማስጌጥ ያለ ነው፤ ስንቱን አይቼ አልፌያለሁ። አንቺ ግን ተኝተሽ ያሳለፍሽውን ፊልም ነው ልታስጌጪ የምትይው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩልሽ አለቀ። ስለዚህ የወደድሽውን ጻፊ። «ልቤን ነካኝ» ብለሽ ግን አትጻፊ፤ ያንን ሁሉም ይጽፋል። አንዲት ደቂቃ ምረጪ። በዚያች ደቂቃ ምን እንዳየሽ፣ ምን እንደሰማሽ፣ ምን እንዳልገባሽ ጻፊ። ያልገባሽ ነገር ከገባሽ ይበልጣል። እኔ ብሆን ትንፋሽ ስላጠራት ልጅ እጽፍ ነበር፤ እሷን ግን አትውሰጂብኝ።

ከጠያቂዎቹ አንዱ ፈገግ ካለብሽ ደግሞ ፊልሙ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ 5 ኦስካር እንደወሰደ ንገሪው። ከአምስቱ አንዱ ለድምጽ ነው። የፊልም ሰዎች ሽልማት ሲጠራ ዝም ይላሉ። እና ደግሞ ቀኑ ሳያልፍብሽ አስገቢ፤ ረቂቁን ለእኔ አትላኪ፣ ቀስ ብዬ ነው የማነበው።