አዳም እንዳያውቅ ተከልክሎ ነበር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጠይቅዎ ከመሐል ሜዳ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ «እግዚአብሔር ዕፀ በለስን አትብላ ያለው አዳም እንዳያውቅ ነው፤ ሃይማኖት እውቀት ይከለክላል» ይለኛል። ምን ልመልስለት?

መልስ፦ እናቴ፣ አይቆጡት፤ የጠየቀው ትልቅ ነገር ነው። አብራችሁ ዘፍጥረት 2ን ክፈቱ። ቁጥር 19 እና 20 ላይ አዳም ለእንስሳቱ ሁሉ ስም ያወጣል። ጠባዩን ለይቶ ያላወቀ ስም አያወጣም፤ ይህ ደግሞ ፍሬውን ከመቅመሱ በፊት ነው።

ታዲያ ዛፉ «መልካምንና ክፉን የሚያስታውቅ» መባሉ ምንድን ነው? ኦሪት «አወቀ» የሚለውን በኑሮ ለሚደርስ ነገርም ይናገረዋል፤ 4፥1 ላይ «አዳምም ሚስቱን ሔዋንን አወቀ» ይላል። ውርጭ ገብስ እንደሚያቃጥል ከአባት ሰምቶ ማወቅ አለ፤ የገዛ ማሳ በአንድ ሌሊት ተቃጥሎ ሲያድር ማወቅም አለ። አዳም ክፉን በትእዛዙ ያውቀው ነበር፤ ከበላ በኋላ በራሱ ላይ አወቀው። ያገኘውን ከ3፥7 እስከ 10 ያንብቡለት፦ ዕራቁትነት፣ ፍርሃት፣ መደበቅ።

ነጻነቱም ያለው እዚያው ትእዛዙ ላይ ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው ፍቅር አይሆንም። ሲራክ በምዕራፍ 15 እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርቧል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ የሚለው ለዚህ ነው። አሁን ሦስቱን ንግግሮች ያስተያዩ። እግዚአብሔር በዘፍጥረት 2፥16 «ከገነት ዛፍ ሁሉ ትበላለህ» ብሎ አስቀድሞ ፈቀደ፣ አንዱን ብቻ ለየ። እባብ በ3፥1 ገልብጦ ሁሉም የተከለከለ አስመሰለው። ሔዋን በ3፥3 «አትንኩትም» ብላ ጨመረች፤ በትእዛዙ ውስጥ መንካት አልተነሣም። ልጅዎ የሰማው የእባቡን አነጋገር ነው።

ኃጢአቱ ሩካቤ፣ የባልና የሚስት ግንኙነት፣ ነበር የሚሉም አሉ፤ ስሕተት ነው። «ብዙ ተባዙ» የተባለው በ1፥28፣ ከውድቀቱ በፊት ነው። ደግሞ «ምሳሌ ነው» ተብሎ ታሪኩ አይጣል። የትርጓሜ መምህራን አስቀድመው ንባቡን ይፈታሉ፣ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጓሜ ይጨምራሉ፤ ሁለተኛው የፊተኛውን አይሽረውም።

ልጅዎን ክርስትና ያስነሡት በ40 ቀኑ አይደል? መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል፤ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 የምናጠምቀው ይህን ይዘን ነው። ይህንንም ይንገሩት፤ እርሱም በ40 ቀኑ የገባው በዚያው በር ነው።